«አላይን አድርጌዋለሁ፤ ግን ልክ አልመጣም»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኢንክስኬፕ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ በኤ4 ገጽ እየሠራሁ ነው። በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ባለ ቀለም አራት ማዕዘን ማስቀመጥ ፈልጌ ነበር። ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር መስመር አለው። በአላይን (ቅርጽን ከጠርዝ ጋር በሚያስተካክለው ትእዛዝ) ወደ ገጹ ግራ ጠርዝ ሳስጠጋው ልክ የገጠመ ይመስላል። ዙም አድርጌ ሳየው ግን የማዕዘኑ ነጥብ ከጠርዙ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ነጥቡን በማውስ ይዤ የገጹ ማዕዘን ላይ ሳሳርፈው ደግሞ ኤክስ የሚለው፣ ከግራ ያለውን ርቀት የሚያሳየው ቦታ -0.5 ያሳያል። ፒኤንጂ አድርጌ ሳወጣው በቀኝ በኩል ያለው የቅርጹ ጠርዝ ደብዘዝ ይላል። ትክክሉ የትኛው ነው? ኢሉስትሬተርና ኮረልድሮው ላይስ እንዲህ ነው?»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። አንዴ የተለካው የመስመሩ ውጫዊ ጫፍ ነው። ሌላ ጊዜ የተለካው ቅርጹ የተሠራበት ነጥብ ነው። የትኛውን ጠርዝ እንደሚፈልጉ ከወሰኑ በኋላ ቀሪው ቀላል ነው።

በቬክተር ሥራ፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን በነጥብና በመስመር በሚሠራ ሥዕል ውስጥ፣ አንድ ቅርጽ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ፓዙ ነው። ፓዝ ከኖድ ወደ ኖድ፣ ማለትም ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄድ፣ ውፍረት የሌለው መንገድ ነው። ለብቻው ቢተው ሲታተም ምንም አይታይም። ሁለተኛው ፓዙ የሚለብሰው ነው፤ የውስጥ ቀለሙና ስትሮክ የምንለው የዙሪያ መስመር። ስትሮኩ የሚሰመረው ፓዙን መሀሉ ላይ አድርጎ ነው። ስለዚህ የ1 ሚሊ ሜትር ስትሮክ ከፓዙ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ግራ ያጋባዎት 0.5 ይኸው ነው። የስትሮክዎ ግማሽ ነው።

ወደፊትም ጠርዝ ላይ አልገጥም የሚል ቅርጽ ሲያጋጥምዎት መጀመሪያ ልዩነቱን ይለኩ። ልዩነቱ የስትሮኩ ግማሽ ከሆነ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ከሆነ ደግሞ የቅርጹን ማዕዘኖች ይመልከቱ። እንደ ኮከብ ሹል ማዕዘን ያለው ቅርጽ ላይ ስትሮኩ ጫፉ ላይ እየሾለ ይረዝማል። እዚያ የሚወጣው ከውፍረቱ ግማሽ በላይ ነው። የማዕዘኑን አገጣጠም ወደ ክብ ሲቀይሩት ትርፉ ይጠፋል።

አሁን ወደ አላይን እንምጣ። ፕሮግራሙ አንድን ነገር ወደ ጠርዝ ሲያስጠጋ ቅርጹን ራሱን አያይም። ቅርጹን ከአራቱም በኩል የሚያቅፈውን ሣጥን ነው የሚያየው። ባውንዲንግ ቦክስ ይባላል። ኢንክስኬፕ ሁለት ዓይነት ባውንዲንግ ቦክስ ያውቃል። ቪዥዋል የሚባለው የሚታየውን ሁሉ ያቅፋል፤ ስትሮኩንም፣ ብለር (ማደብዘዣ) ካለ ብለሩ የሚሰራጭበትንም ቦታ ጭምር። ጂኦሜትሪክ የሚባለው ፓዙን ብቻ ያቅፋል። ኢንክስኬፕ ሲጫን ጀምሮ የሚሠራው በቪዥዋሉ ነው። አላይን ሲያደርጉት የስትሮኩ ውጫዊ ጫፍ ከገጹ ጋር ገጠመ፤ ኖዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቀረ። ኖዱን በማውስ ይዘው ሲያሳርፉት ግን የሄደው ፓዙ ነው። ስትሮኩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከገጹ ወጣ፤ የሣጥኑ ኤክስም -0.5 ሆነ።

ይህን ለመቀየር ኤዲት ውስጥ ገብተው ፕሪፈረንስ፣ ከዚያ ቱልስ የሚለውን ይክፈቱ። የትኛው ባውንዲንግ ቦክስ ይሁን የሚለው ምርጫ እዚያ ነው። ምርጫው አላይንን ብቻ አይደለም የሚነካው። ላይኛው ባር ላይ የሚታዩት የቦታና የመጠን ቁጥሮችም አብረው ይቀየራሉ። ስለዚህ ሥራ መሀል ላይ ወዲያና ወዲህ ባይቀያይሩት እመክራለሁ። ሰነዱን ሲጀምሩ አንዱን ይምረጡ፣ በእሱ ይጨርሱ።

ኢሉስትሬተር በተቃራኒው ነው። ሲጫን ጀምሮ የሚለካው ፓዙን ነው፤ ስትሮኩን ከቁጥር አያስገባም። ፕሪፈረንስ ውስጥ ጄኔራል በሚለው ገጽ ላይ ዩዝ ፕሪቪው ባውንድስ የሚል ሣጥን አለ። እሱን ምልክት ሲያደርጉበት ስትሮኩንና ኢፌክቶችን ጨምሮ መለካት ይጀምራል። ኮረልድሮውም የአላይን ፓነሉ ላይ የቅርጹን ጠርዝ ወይስ የመስመሩን ጠርዝ እንደሚከተል የሚመረጥበት ቦታ አለው። ሁለት ሰዎች አንድ ፋይል በሁለት ፕሮግራም ከፍተው «አንተ ጋ ገጥሟል፣ እኔ ጋ አልገጠመም» ሲባባሉ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እሺ፣ የትኛውን እንምረጥ? የእኔ አቋም ይህ ነው። ስትሮክም ብለርም የሌለው ቅርጽ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ስትሮኩ የግድ ካላስፈለገ ያጥፉት። የእርስዎ አራት ማዕዘን የዙሪያ መስመሩ ከውስጡ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ መስመሩ ምንም ሥራ የለውም። ያስወግዱት፣ ስፋቱን መልሰው 20 ያድርጉት፣ ግማሽ ችግርዎ በዚያው ያልቃል። ስትሮኩ የዲዛይኑ አካል ከሆነ ግን፣ ዓይን የሚያየው እሱን ነውና ቪዥዋሉን ይያዙ። ጂኦሜትሪኩ የሚጠቅመው መቁረጫ ማሽን ላይ ለሚሄድ ሥራ፣ ለቴክኒክ ሥዕልና ሁለት ቅርጾች በኖዳቸው መገናኘት ሲኖርባቸው ነው። መቁረጫ ማሽን የሚከተለው ፓዙን እንጂ የመስመሩን ውፍረት አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው። ገጹን ዙሪያውን የሚያቅፍ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ፍሬም ፈለጉ እንበል። በገጹ ልክ 210 በ297 የሆነ አራት ማዕዘን ሠርተው በኖዱ ከገጹ ጋር አገጠሙት። ከስትሮኩ ግማሹ ከገጽ ውጭ ነው። ፒዲኤፍ ሲያወጡት ውጭ ያለው ይቆረጥና ፍሬሙ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዌብ ላይ በኤስቪጂ (በቬክተር የፋይል ዓይነት) የሚገባ ትንሽ አይከንም በዚሁ ምክንያት ዙሪያው የተላጠ መስሎ ይታያል። መፍትሔው ፓዙን፣ በጂኦሜትሪኩ ሲለካ፣ 208 በ295 አድርጎ ኤክስም ዋይም (የላይና ታች ቦታውም) 1 ላይ ማስቀመጥ ነው። ስትሮኩ ያኔ ከ0 እስከ 2 ያለውን ቦታ በትክክል ይሞላል። ኢሉስትሬተር ስትሮክን ወደ ውስጥ የማድረግ አማራጭ ስላለው ይህ ሒሳብ አያስፈልግዎትም። ኤስቪጂ ግን ራሱ የሚያውቀው መሀል ላይ ያለ ስትሮክ ብቻ ነው። ሥራዎ መጨረሻው ኤስቪጂ ከሆነ ሒሳቡን መልመዱ ያዋጣል።

አላይኑን እንዴት እንደሚያዙት በአጭሩ ልበል። ኢንክስኬፕ ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኤ ፓነሉን ይከፍተዋል። ከምን ጋር ይስተካከል የሚለው ቦታ ላይ ፔጅ የሚለውን ይምረጡ። እሱን ካልመረጡ ቅርጹ ከሌላ ቅርጽ ጋር እንጂ ከገጹ ጋር አይስተካከልም። ኢሉስትሬተር ላይ ሺፍትና ኤፍ7 ነው፤ ምርጫው አርትቦርድ ይባላል፣ ገጹ ማለት ነው። ኮረልድሮው ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤ ነው፤ የገጽ ጠርዝ የሚለውን ይመርጣሉ። ገጹ መሀል ማስቀመጥ ብቻ ከፈለጉ ኮረልድሮው ላይ ፒን መጫን በቂ ነው።

ብዙ ቅርጽ አንድ ላይ መርጠው ወደ ግራ ጠርዝ ቢልኳቸው እያንዳንዱ ለየብቻው ይሄዳል። ሁሉም ጠርዙ ላይ ይደረደራሉ፣ የነበራቸው አቀማመጥ ይፈርሳል። አንድ ላይ እንዲሄዱ ከፈለጉ በኮንትሮልና ጂ ግሩፕ ያድርጓቸው። ኢንክስኬፕ ላይ የተመረጡትን እንደ አንድ ግሩፕ ቁጠራቸው የሚል ቁልፍም ፓነሉ ላይ አለ።

ከአላይን ይልቅ ግን እኔ የምወደው ቁጥር መጻፍ ነው። ዙም አድርጎ በዓይን ማስጠጋት አያልቅም። ምንም ያህል ቢያጎሉት የሆነች ክፍተት ትታያለች፣ እሷን ሲያስተካክሉ ሌላ ትመጣለች። ኤክስ 0 ብለው ሲጽፉ ግን 0 ነው፤ አለቀ።

ቁጥር ሲጽፉ ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛው 0 የት እንደሆነ ነው። ኢንክስኬፕ በ2020 ከወጣው 1.0 ጀምሮ መነሻውን ከላይ በስተግራ አድርጎታል፤ ዋይ ወደ ታች ሲወርዱ ይጨምራል። ከዚያ በፊት መነሻው ከታች በስተግራ ነበር። የቆየ ትምህርት እያዩ የሚሠሩ ከሆነ ቁጥሩ የሚገለበጥብዎት ለዚህ ነው። ኢሉስትሬተርም ከላይ በስተግራ ይጀምራል። ኮረልድሮው ካልቀየሩት ከታች በስተግራ ይጀምራል፣ ዋይም ወደ ላይ ይጨምራል።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩ የቅርጹን የትኛውን ነጥብ እንደሚናገር ነው። ኢሉስትሬተርና ኮረልድሮው ዘጠኝ ነጥቦች ያሉት ትንሽ ሣጥን አላቸው። ካልነኩት የተመረጠው መሀሉ ነው። ስለዚህ ኤክስ 0 ሲሉት የቅርጹ መሀል ጠርዙ ላይ ያርፍና ግማሹ ከገጽ ይወጣል። በግራ በላይ ያለውን ነጥብ ጠቅ አድርገው ከዚያ 0 ይጻፉ። ለቀኝ ጠርዝ ደግሞ የቀኙን ነጥብ መርጠው 210 ይጻፉ። ኢንክስኬፕ ላይኛው ባር ላይ እንዲህ ያለ ሣጥን የለውም፤ ቁጥሩ የሚናገረው የግራ ላይኛውን ማዕዘን ነው። ስለዚህ ለቀኝ ጠርዝ መቀነስ ያስፈልጋል። 35.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሎጎ ከቀኝ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ ካሉ፣ ኤክስ 210 ሲቀነስ 10 ሲቀነስ 35.5፣ ማለትም 164.5 ነው። በጭንቅላት መሥራት አያስፈልግም። ሣጥኑ ውስጥ 210-10-35.5 ብለው ቢጽፉት ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል።

ኢሉስትሬተር ላይ ከአንድ በላይ አርትቦርድ ካለዎት ቁጥሩ ከየትኛው ገጽ እንደሚነሳ ያረጋግጡ። ሩለሩ (የጠርዙ ማስመሪያ) ግሎባል ላይ ከሆነ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይለካሉ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ኤክስ 0 ብለው ቅርጹ ጠፍቶብዎት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያገኙታል። ሩለሩን ወደ አርትቦርድ ይመልሱት።

ሁልጊዜ ከጠርዝ እኩል ርቀት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር፣ በየጊዜው አይቀንሱ። 190 በ277 የሆነ ስትሮክ የሌለው አራት ማዕዘን ይሥሩ፣ ገጹ መሀል ያስቀምጡት፣ ከዚያ ሌሎቹን ከገጹ ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር አላይን ያድርጉ። ኢሉስትሬተር ላይ ሁሉንም ከመረጡ በኋላ አራት ማዕዘኑን አንድ ጊዜ ደግመው ጠቅ ሲያደርጉት መለኪያው እሱ ይሆናል። ኢንክስኬፕ ላይ መጨረሻ የተመረጠው የሚለውን አማራጭ ይዘው እሱን መጨረሻ ይምረጡት። ሲጨርሱ አራት ማዕዘኑን መሰረዝ አይርሱ።

ስናፕ፣ ማለትም ቅርጹን ሲጎትቱ ወደ ቅርብ ነጥብ ወይም ጠርዝ የሚያያይዘው፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ምን ከምን ጋር እንደሚያያዝ ካላወቁ እንደ እርስዎ ግራ ያጋባል። ኢንክስኬፕ ኖዶችንም የባውንዲንግ ቦክስ ማዕዘኖችንም ከገጹ ጠርዝ ጋር ማያያዝ ይችላል። ሁለቱም ከበሩ ማውሱ ለቀረበው ይሄዳል፤ አንዴ ፓዙ አንዴ ስትሮኩ ይገጥማል። አንዱን ያጥፉ። የመቶኛ ምልክቱን ከኪቦርድ ሲጫኑ ስናፕ በሙሉ ይጠፋል፣ ደግመው ሲጫኑ ይመለሳል።

ጽሑፍ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጽሑፍ ሣጥን ፊደሎቹን ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች ፎንቱ ያስቀመጠላቸውን ባዶ ቦታም ሊይዝ ይችላል። ትልቅ ርዕስ ጠርዝ ላይ አላይን ሲያደርጉ የመጀመሪያው ፊደል ትንሽ ገባ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ፊደሉ ራሱ እንዲገጥም ከፈለጉ ጽሑፉን ኮፒ አድርገው ቅጂውን ወደ ፓዝ ይቀይሩ። ኢንክስኬፕ ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ፤ ኢሉስትሬተር ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኦ፤ ኮረልድሮው ላይ ኮንትሮልና ኪው ነው። ዋናውን ጽሑፍ ግን ይያዙት፤ ፓዝ የሆነ ጽሑፍ ስህተት ቢገኝበት ተመልሶ አይታረምም።

እዚህ ላይ ብቻ ከቁጥር ይልቅ ዓይንን አምናለሁ። «ከ» ቀጥ ያለ እግር ስላለው ጠርዙን ከላይ እስከ ታች ይነካዋል። «ዐ» ክብ ስለሆነ የሚነካው በአንድ ነጥብ ነው። ሁለቱ በቁጥር እኩል ቢቀመጡ «ዐ» ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል። ትልልቅ ርዕሶች ላይ ክቡን ፊደል በጥቂቱ ወደ ውጭ ማውጣት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ፒኤንጂው ድብዝዝ። ይህ ከስትሮኩ ጋር አይገናኝም። ፒኤንጂ የፒክስሎች ስብስብ ነው፤ ፒክስል ደግሞ ግማሽ የለውም። ኢንክስኬፕ አንድ ኢንች ላይ 96 ፒክስል ይቆጥራል። በዚህ ሒሳብ 20 ሚሊ ሜትር 75.59 ፒክስል ነው። የአራት ማዕዘንዎ ቀኝ ጠርዝ በ76ኛው ፒክስል መሀል ያልፋል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ያንን ፒክስል ሙሉ ማቅለም አይችልም፣ ባዶ መተውም አይችልም፤ በከፊል ያቀልመዋል። ያዩት ደብዛዛ ጠርዝ ያ ነው። ገጹ ራሱ እንኳ አይገጥምም፤ ኤ4 በ96 ሲሰላ ወደ 793.7 በ1122.52 ፒክስል ይመጣል።

ስለዚህ ለስክሪን የሚሆን ሥራ በሚሊ ሜትር አይጀምሩ። ገጹን በፒክስል፣ በሙሉ ቁጥር ይክፈቱ፤ 1080 በ1080 ወይም 1920 በ1080። የእያንዳንዱን ቅርጽ ኤክስ፣ ዋይ፣ ስፋትና ቁመት ሙሉ ቁጥር ያድርጉ። 1 ፒክስል ስትሮክ ሲሆን ግን ኖዱ ሙሉ ቁጥር ላይ ካረፈ መስመሩ ሁለት ፒክስል ላይ ይከፈልና ሁለቱም ይደበዝዛሉ። ኖዱ 0.5 ላይ ሲያርፍ አንዱን ፒክስል በሙሉ ይሞላል። 2 ፒክስል ስትሮክ ከሆነ ደግሞ ኖዱ ሙሉ ቁጥር ላይ ይሁን። ኢሉስትሬተር ላይ የአርትቦርዱን የራሱን አቀማመጥም ይዩት። አርትቦርዱ ነጥብ ባለው ቁጥር ላይ ከተቀመጠ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ ጠርዙ ላይ አንድ ትርፍ የፒክስል መስመር ሊወጣ ይችላል።

ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግሩም መጠኑን ያረጋግጡ። ኢሉስትሬተር አንድ ኢንች ላይ 72 ይቆጥራል። መለኪያው በግልጽ ያልተጻፈበት ኤስቪጂ ኢንክስኬፕ ላይ ሲከፈት ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። 210 ሚሊ ሜትር የነበረው የኤ4 ስፋት 157.5 ሆኖ ካዩት ምክንያቱ ይህ ነው። መጀመሪያ መጠኑን ይመልሱ፣ አላይኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለኅትመት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኤክስ 0.001 ቢል አይጨነቁ። 0.001 ሚሊ ሜትር አንድ ማይክሮን ነው። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም አንድ ኢንች ላይ 300 ነጥብ ሲታተም፣ አንድ ነጥብ ብቻ 0.085 ሚሊ ሜትር ገደማ ይይዛል። ያቺን ልዩነት ማሽኑም አያያት፣ ዓይንም አያያት።

ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው መቁረጫው ነው። ወረቀት ሲቆረጥ በትንሹም ቢሆን ወዲህ ወዲያ ይላል። ቀለሙ ልክ ጠርዙ ላይ ካበቃና መቁረጫው ወደ ውጭ ጥቂት ካለፈ ነጭ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ጠርዝ የሚነካ ቀለም ከጠርዙ ማለፍ አለበት። ብሊድ የሚባለው ትርፍ ይኸው ነው። የተለመደው 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች በሚሠራበት 0.125 ኢንች። ማተሚያ ቤቱ ሌላ ቁጥር ከሰጠዎት የእሱን ይከተሉ። ጽሑፍና ሎጎ በተቃራኒው ከጠርዙ ወደ ውስጥ ይራቁ።

እንግዲህ ሥራዎ የሚታተም ከሆነ የእርስዎ አራት ማዕዘን 0 ላይ መግጠም የለበትም። ስትሮኩን ያጥፉ። ኤክስ -3፣ ዋይ -3፣ ስፋት 23፣ ቁመት 303 ብለው ይጻፉ። ከግራ፣ ከላይና ከታች 3 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ከተቆረጠ በኋላ 20 ሚሊ ሜትሩ ይቀራል። ስፋቱንና ቁመቱን ከመጻፍዎ በፊት በሁለቱ መሀል ያለችው የቁልፍ ምልክት ክፍት መሆኗን ይዩ፤ ከተቆለፈች አንዱን ሲቀይሩ ሌላውም አብሮ ይቀየራል። ፒዲኤፉን ሲያወጡ ደግሞ ብሊዱ እንዲካተት ይምረጡ። ካልመረጡት ትርፉ በገጹ ልክ ተቆርጦ ይወጣል፣ ማተሚያ ቤቱም ፋይሉን ይመልስልዎታል።